ምዕራፍ 7፦ ስንት ብሸጥ ይበቃኛል?

አብዛኛው ነጋዴ ትርፉን የሚያውቀው ወሩ ካለቀ በኋላ ነው። ኪራይ ይከፈላል፣ ሠራተኛ ይከፈላል፣ በዱቤ ዕቃ የሰጠው ሰው ሂሳቡን ይቀበላል፤ መሳቢያው ውስጥ የቀረ ነገር ካለ እሱ ትርፍ ይባላል። ካልቀረ ደግሞ “ገበያው ቀዝቅዟል” ተብሎ ይታለፋል። በዚህ አሠራር ትርፍ ማለት ማዕዱ ከተነሣ በኋላ የሚደርስ እንግዳ ነው። በዚህ ምዕራፍ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። የምንፈልገውን ትርፍ ከወሩ መጀመሪያ በፊት እንደ ኪራይ የሚከፈል ዕዳ አድርገን እንጽፈዋለን፤ ከዚያ ይህን ሁሉ ዕዳ ለመሸፈን ስንት መሸጥ እንዳለብን እንጠይቃለን።

የሂሳብ ባለሙያዎች ይህን የወጪ፣ የመጠንና የትርፍ ትንተና ይሉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ስሌቱ አንድ ማካፈል ነው፤ ስልክ ላይ ባለ ካልኩሌተር ያልቃል። ሰው የሚሳሳተው ማካፈሉ ላይ አይደለም፤ ከላይና ከታች የሚገቡትን ቁጥሮች በእውነት ሳይጽፍ ሲቀር ነው።

አንድ እንጀራ ቤት እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ 6 የኤሌክትሪክ ምጣድ የተከለ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ የተመዘገበ፣ ለመኖሪያ ቤቶችና ለምግብ ቤቶች እንጀራ የሚያቀርብ። ሥራ አስኪያጇም ዋና ባለድርሻዋም አንዲት ሴት ናት እንበል። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የጤፍ ነገር ደግሞ ይህ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ሊለወጥ ስለሚችል አንባቢ በራሱ ቁጥር ይተካቸው።

እንጀራው በ25 ብር ይሸጣል። ለአንዱ የጤፍ ዱቄቱና ውኃው 14 ብር ከ30 ሳንቲም፣ መብራቱ 1 ብር ከ20፣ ፕላስቲኩ 50 ሳንቲም፣ ማድረሻው 1 ብር ይፈጃል። ድምሩ 17 ብር። እነዚህ ተለዋዋጭ ወጪዎች ናቸው፤ እንጀራ ካልተጋገረ አይወጡም፣ ሁለት እጥፍ ከተጋገረ ሁለት እጥፍ ይሆናሉ። ከ25 ብሩ 17ቱ ሲነሣ 8 ብር ይቀራል። ይህ 8 ብር ገና ትርፍ አይደለም። መዋጮ ነው፤ ባለሙያዎቹ ኮንትሪቡሽን ማርጂን የሚሉት። እያንዳንዱ እንጀራ 8 ብሩን ይዞ መጥቶ የቤቱን ቋሚ ወጪ ለመክፈል ያዋጣል።

ቋሚ ወጪው ደግሞ አንድ እንጀራ ባይሸጥም በየወሩ የሚመጣው ነው። ኪራይ 40,000 ብር። ሦስት ጋጋሪዎች፣ ሊጥ የሚያቦካ አንድ ሰው፣ አንድ አድራሽ እና እሷ ራሷ፣ በድምሩ 50,000 ብር ደመወዝ፤ በዚህ ላይ አሠሪው የሚከፍለው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ፣ 5,500 ብር። የብድር ወለድ 8,000፣ የምጣዶቹና የማቡኪያው እርጅና 6,500፣ የሂሳብ ሠራተኛ 4,000፣ ልዩ ልዩ 6,000። ሲደመር 120,000 ብር።

የእሷ ደመወዝ ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን ልብ ይሏል። እዚህ አገር ካየኋቸው የሂሳብ ደብተሮች በብዛት የሚጎድለው መስመር ይሄ ነው። ባለቤቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ማታ ይሠራል፤ ለራሱ ግን ምንም አይጽፍም፤ ከዚያ ወር ሲያልቅ 15,000 ብር ተርፎ ሲያገኝ አተረፍኩ ይላል። ይህ ሰው ያገኘው ደመወዙን ነው፤ ያውም ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ሊያገኘው የሚችለውን። በራሱ ቤት ግቢ ውስጥ የሚሠራና ለቦታው ኪራይ የማይጽፍ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ክፍሉን ለሌላ ቢያከራየው የሚያገኘውን ገንዘብ ሳያውቅ ለንግዱ እየደጎመ ነው።

መብራት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው እዚህ ይደናገራል። የመብራት ሂሳብ ግማሽ ፊቱ ቋሚ፣ ግማሽ ፊቱ ተለዋዋጭ ነው፤ አምፖሉና ማቀዝቀዣው ምጣድ ባይሰካም ይቆጥራሉ። ለመለየት ሁለት ወር ይበቃል፤ ብዙ የተጋገረበትና ጥቂት የተጋገረበት። 20,000 እንጀራ በወጣበት ወር 26,000 ብር፣ 12,000 በወጣበት ወር 16,400 ብር ተከፍሎ ከሆነ፣ የ8,000 እንጀራ ልዩነት ያመጣው 9,600 ብር ነው፤ ለአንዱ 1 ብር ከ20። በዚህ ሂሳብ የ20,000ው እንጀራ መብራት 24,000 ብር ይሆናል፤ የቀረው 2,000 ቋሚው ነው። “ልዩ ልዩ” ካልነው 6,000 ውስጥ የተደበቀው እሱ ነው። ዘዴው ሻካራ ነው፤ ከሁለቱ ወሮች አንዱ ምጣድ የተቃጠለበት ወይም መብራት ሲጠፋ የከረመበት ከሆነ ያሳስታል። ከግምት ግን ይሻላል።

አሁን 120,000ን ለ8 ስናካፍል 15,000 ይመጣል። በወር 15,000 እንጀራ፣ በ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 577 ገደማ፣ ዋናውን ይመልሳል፤ ትርፍም ኪሳራም የለም። የመጀመሪያዋን የትርፍ 8 ብር የምታመጣው 15,001ኛዋ እንጀራ ናት። ከእሷ በኋላ የሚመጣ እያንዳንዱ እንጀራ ኪራይ የለበት፣ ደመወዝ የለበት፣ 8 ብሩን እንዳለ ያስገባል። ብዙ የንግድ መጻሕፍት እዚህ ነጥብ ላይ ስዕል ይሥላሉ፤ ሁለት መስመሮች የሚቆራረጡበት። እኛ ግን አንቆምም፤ ዋናውን ለመመለስ ብቻ ብሎ ሱቅ የሚከፍት ሰው የለም።

ሥራ አስኪያጇ ስንት ትፈልጋለች? “በተቻለ መጠን ብዙ” የሚል መልስ ለስሌት አይሆንም። ስለዚህ ትርፉ ምን እንዲያደርግላት እንደምትፈልግ ትጻፍ። ከባንክ ለወሰደችው ብድር በየወሩ 25,000 ብር ዋናውን ትከፍላለች፤ ወለዱ ወጪ ሆኖ ተይዟል፣ ዋናው ግን ወጪ አይባልም፣ ግብር ተከፍሎ ከሚቀረው ይወጣል። ለማስፋፊያ 20,000 ማስቀመጥ ትፈልጋለች። ለባለድርሻዎች 18,000። ድምሩ 63,000 ብር፤ በእጅ የሚገባ፣ ግብር የተከፈለበት።

አሁን ስህተቱ የሚፈጠርበት ቦታ ላይ ደረስን። 63,000ን በ120,000 ላይ ደምረን ለ8 ብናካፍል 22,875 እንጀራ ይመጣል። እሱን ሸጣ 63,000 ብር ታተርፋለች፤ ግን ከዚያ የኩባንያ የንግድ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ይነሣል፤ የሚቀራት 44,100 ነው። 18,900 ብር ጎደለ። በአጋጣሚ የጎደለው የባለድርሻዎቹን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ 63,000ን ለ0.7 ማካፈል ያስፈልጋል። 90,000 ይሆናል፤ ከግብር በፊት መገኘት ያለበት ትርፍ ይህ ነው። 120,000 ሲደመር 90,000፣ 210,000። ለ8 ሲካፈል 26,250 እንጀራ። በቀን 1,010። ንግዱ በግለሰብ ስም ከሆነ ግብሩ በደረጃ እያደገ እስከ 35 በመቶ ስለሚደርስ ስሌቱ በየደረጃው ይሠራል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ደግሞ ከሁሉ በፊት 15 በመቶውን ከዋጋው ያውጡ። ደንበኛ 230 ብር የከፈለበት ዕቃ ለእነሱ 200 ብር ነው፤ 30ው ሲጀመርም የእነሱ አልነበረም።

በቀን 1,010 እንጀራ። ወረቀቱ ይህን ካለ በኋላ ምጣዱን መጠየቅ ይገባል። አንድ ምጣድ በሰዓት 20 እንጀራ ያወጣል ብንል፣ 6 ምጣድ በ8 ሰዓት 960 ነው። አይደርስም። የዚህ ትንተና ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ገንዘብ ሳይወጣ፣ ሰው ሳይቀጠር፣ “አይሆንም” ይላል። ሥራ አስኪያጇ ያቀደችው ትርፍ አሁን ባላት ቤት፣ ጋጋሪዎቿ የቱንም ያህል ቢተጉ፣ አይገኝም።

ሁለት ምጣድ ልትጨምር ትችላለች። አንድ ጋጋሪ ከነጡረታዋ፣ የምጣዶቹ እርጅና፣ ለተጨማሪ ክፍል የሚከፈል ኪራይ፣ በድምሩ ቋሚ ወጪው በ16,000 ያድጋል እንበል። አሁን የሚካፈለው 226,000 ሆነ፤ 28,250 እንጀራ፣ በቀን 1,087። ያሰበችውን ለማግኘት አቅሟን አሳደገች፤ አቅሙም በተራው 2,000 እንጀራ ተጨማሪ ጠየቃት። ቋሚ የሚባለው ወጪ ቋሚ የሚሆነው እስከተወሰነ መጠን ብቻ ነው፤ ከዚያ እንደ ደረጃ ይዘላል። 8 ምጣድ በቀን 1,280 ስለሚያወጣ ይህኛው እቅድ ይቻላል። ዋናውን የምትመልስበት መጠን ግን ከ15,000 ወደ 17,000 ከፍ ብሏል፤ ገበያ በደከመበት ወር ይህ ይሰማታል።

ምን ያህል ይሰማታል? 28,250 ብላ አቅዳ ከ17,000 በታች እስክትወርድ ድረስ አትከስርም፤ ሽያጩ 40 በመቶ ገደማ ቢወድቅ እንኳ ትተርፋለች ማለት ነው። ይህ ያጽናናል። ሌላኛው ቁጥር ግን ያሳስባል፤ ሽያጩ በ10 በመቶ ብቻ ሲቀንስ ትርፏ በ25 በመቶ ይቀንሳል፤ 22,600 ብር መዋጮ ሲጠፋ ኪራዩም ደመወዙም አይቀንስላትምና ጉዳቱ እንዳለ በ90,000ው ላይ ይወድቃል።

ወደ ዋጋ እንምጣ። ብዙ ሻጭ “ዋጋ ልቀንስና በብዛት ላግኝ” ይላል። በመጀመሪያው ቤት፣ በ6 ምጣዱ እናስላው። ዋጋውን 1 ብር ብትቀንስ መዋጮው 7 ብር ይሆናል፤ 210,000 ለ7፣ 30,000 እንጀራ። 4 በመቶ ዋጋ ቀንሳ ከ14 በመቶ በላይ ተጨማሪ መሸጥ አለባት፤ ምጣድ ሳይኖራት። 1 ብር ብትጨምር ደግሞ መዋጮው 9 ነው፤ 23,334 እንጀራ ይበቃታል፣ በቀን 898 ገደማ። ይህ በ6 ምጣድ ይጋገራል! ከደንበኞቿ 11 በመቶው ተቆጥተው ቢሄዱ እንኳ ግቧ ላይ ትደርሳለች። እንግዲህ ጥያቄው የሂሳብ መሆኑ ቀርቶ የሰፈር ሆነ፤ ለ1 ብር ሲል ከአሥሩ አንዱ በላይ ይሄዳል ወይስ አይሄድም? ይህን ማንም ቀመር አይመልስላትም፤ ደንበኞቿን የምታውቀው እሷ ናት። ቢሆንም የቱን ጥያቄ መመለስ እንዳለባት አሁን ታውቃለች።

ዋጋ መቀነስ ሁልጊዜ ሞኝነት ነው ማለቴ አይደለም። ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲን እ.ኤ.አ. በ1908 በ850 ዶላር አውጥቶ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች አድርሶታል፤ በዚያም በዓለም ከናጠጡት አንዱ ሆኗል። ነገር ግን የፎርድ መስመር እየፈጠነ ሲሄድ ለአንዷ መኪና የሚወጣው ወጪ ራሱ አብሮ ወርዷል። የእንጀራ ቤቷ ጤፍ ግን ብዙ ስለተጋገረ አይረክስም፤ ምናልባት በጅምላ ሲገዛ ጥቂት ይቀንስ ይሆናል።

እስካሁን አንድ ዕቃ በአንድ ዋጋ ሸጥን። በእውነቱ ዓለም ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች በብዛት ስለሚወስዱ ቅናሽ ይጠይቃሉ። ለእነሱ በ23 ብር ብትሰጥ መዋጮው 6 ነው። ከእንጀራዋ 60 በመቶው ለቤቶች፣ 40 በመቶው ለሆቴሎች የሚሄድ ከሆነ አማካይ መዋጮው 7 ብር ከ20 ሳንቲም ይሆናል፤ በሰፋው ቤት 226,000 ለ7.20፣ 31,389 እንጀራ፣ በቀን 1,208። ከ1,280 በታች ነው፤ ግን አንድ ምጣድ ከተበላሸ አለቀ። ትልቅ ደንበኛ ሲመጣ ደስ የሚለው ለሽያጩ ብዛት ነው፤ የድብልቁ መዋጮ ወርዶ ግቧን ወደ ፊት እንደሚገፋባት ግን ወዲያው አይታይም። በዚያ ላይ ሆቴል በዱቤ ይወስዳል፤ ቀመሩ ደግሞ የተሸጠውን እንጂ የተሰበሰበውን አይቆጥርም። በወረቀት 90,000 ያተረፈ ቤት ለነገ ጤፍ መግዣ ሊያጣ ይችላል።

ምጣዱ ሲጠብብ ደግሞ መዋጮን በእንጀራ መቁጠር ያሳስታል። አንድ ምግብ ቤት ትልቅና ወፈር ያለ እንጀራ ፈልጎ መዋጮውን 10 ብር የሚያደርስ ዋጋ ቢከፍላት፣ ከ8 ይበልጣል ብላ ትቀበል ይሆናል። ያ እንጀራ 4 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ግን ምጣዱ በሰዓት 15 ብቻ ያወጣል፤ 150 ብር። ተራው እንጀራ በሰዓት 20 ወጥቶ 160 ብር ያስገባል። የጠበበው ምጣድ ነውና መመዘን ያለበት የምጣድ ሰዓት ነው።

ወር የሚለው መስፈሪያም ለሁሉ አይሠራም። ሥጋ ቤት ያለው ሰው የዓመት ግቡን ለ12 ቢያካፍል በየዓመቱ ይደነግጣል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ኪራዩ ግን አይጾምም። እንዲህ ያለ ነጋዴ የዓመቱን ቋሚ ወጪና ግብ በሙሉ ደምሮ በሚሸጥባቸው ቀኖች ላይ ያከፋፍለው፤ የፋሲካና የገና ሰሞን የሚጠበቅባቸው ስንት እንደሆነ ያኔ ይታያል።

ትልቁ ጠላት ግን የወጪው ለውጥ ነው። የጤፉ ወጪ ለአንድ እንጀራ በ2 ብር ቢጨምርና ዋጋው ባለበት ቢቆይ መዋጮው ከ8 ወደ 6 ይወርዳል። በ6 ምጣድ ዘመኗ ካቀደችው 26,250 ተነሥታ 35,000 እንጀራ፣ በቀን 1,347 መሸጥ ይኖርባታል፤ 8 ምጣድም አይችለውም። ተለዋዋጭ ወጪው ያደገው 12 በመቶ ባልሞላ ነው፤ የሚጠበቅባት ሽያጭ ግን በሦስተኛ እጅ አደገ። ያላት መንገድ ዋጋውን ወዲያው 27 ማድረስ ነው፤ “ደንበኛ እስኪለምድ” እያሉ ሦስት ወር መቆየት የዓመቱን ግብ ይበላል። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጡ ሰዎች ይህን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በደንብ አይተውታል። የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ሰኔ ላይ የተሠራ ማናቸውም የመዋጮ ስሌት ነሐሴ ላይ ታሪክ ሆነ። ሰንጠረዡ በየዓመቱ ሳይሆን ዋና ግብዓት በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደገና ይሠራ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱን ለማስረዳት ከምጣድ ወደ አውሮፕላን መሄድ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካው ሎክሂድ ኩባንያ ትራይስታር የተባለ የመንገደኞች አውሮፕላን እየሠራ ሳለ የሞተሩ አቅራቢ ሮልስ ሮይስ በየካቲት ወር ከሰረ። ሎክሂድም ራሱ ሊወድቅ ደርሶ ለ250 ሚሊዮን ዶላር ብድር የመንግሥት ዋስትና ጠየቀ። ነገሩ በሴኔቱ 49 ለ48 በአንድ ድምፅ ልዩነት አለፈ። የኩባንያው ኃላፊዎች ለምክር ቤቱ ያስረዱት አውሮፕላኑ ከ195 እስከ 205 ቢሸጥ ወጪውን እንደሚመልስ ነው። ኡቨ ራይንሃርት የተባለው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ምሁር በ1973 ስሌቱን እንደገና ሠራው። ገንዘቡ ለዓመታት ታስሮ ሲቆይ ራሱ ዋጋ እንዳለው ሲጨምርበት መመለሻው ወደ 500 አውሮፕላን ተጠጋ። ምርቱ በ1984 ሲቆም የተሠሩት ትራይስታሮች 250 ነበሩ። በኩባንያው ስሌት ያተረፈ የሚመስል ሥራ ነው፤ በተጨባጭ ሎክሂድን ከመንገደኞች አውሮፕላን ገበያ አስወጣው።

የጎደለው መስመር እንጀራ ቤቷም ውስጥ አለ። ሥራ አስኪያጇና ሌሎቹ ባለድርሻዎች ከኪሳቸው 600,000 ብር አስገብተዋል እንበል። ለብድሩ ወለድ ጽፋለች፤ ለእነሱ ገንዘብ ግን ምንም አልጻፈችም። ይህ ገንዘብ ባንክ ውስጥ በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ቢቀመጥ እንኳ በወር 3,500 ብር ያመጣ ነበር፤ ያውም ሊጥ ሳይቦካ፣ ኪራይ ሳያስጨንቅ። ለባለድርሻዎች ካሰበችው 18,000 ውስጥ ይህ 3,500 ገንዘቡ ቁጭ ብሎም ያገኘው የነበረ ነው። የሥራውና የሥጋቱ ክፍያ 14,500 ብር ነው። ያንን ለማግኘት በወር 28,250 እንጀራ መጋገር ይበቃል ወይ ብለው ባለድርሻዎቹ ተቀምጠው ይነጋገሩ፤ አይበቃም ካሉ ግቡን ከፍ አድርገው ማካፈሉን ከላይ ይጀምሩ።